የማያያቸው ዲስኮች ጠባቂ

ጋሽ ዮናስ መሞቱን የነገረችኝ ሚስቱ እትዬ ሰናይት ናት፤ ከአዲስ አበባ ደውላ። የደወለችው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ምን አሞት ነው አልኳት። ምንም አላመመውም፣ ደህና አምሽቶ ተኛ፣ ጠዋት ብቀሰቅሰው የለም አለችኝ። ትንሽ ምልክት እንኳን አላየሽም ወይ ብዬ እንደ መርማሪ ያዝኳት። የኔ አፍ እንዲህ ነው፤ ሐዘንተኛ ፊትም አያርፍም። አላየሁም አለች፤ አለቀሰች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትዝ ያለኝ የራሱ የጋሽ ዮናስ ንግግር ነው። «አንዳንዱ ምንም ሳይናገር ይሞታል፤ ያን ጊዜ ጠባቂው ላይ አትፍረዱ» ይል ነበር። ይህን የሚለው ስለ ሰው አልነበረም። ስለ ኮምፒውተር ዲስክ ነበር።

በስደት ብዙ ሰው አውቄ ብዙውን ረስቻለሁ። አብራኝ አንድ ፍራሽ ላይ የተኛች ልጅ ስሟ ጠፍቶብኛል። ጋሽ ዮናስን ግን መርሳት አቃተኝ፤ ፊቱን ያየሁት ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው ድምፅ ነው።

ጅዳ ውስጥ ኢንጂነር ነበር። በወረቀት ላይ ግን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ «ሰባክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከፊሉ፣ ማለትም ኢቃማውን ያወጣለት ዋሱ፣ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፣ እሱ ግን ለዚያ ሰውዬ አንዲት ቧንቧ አጥብቆ አያውቅም። የሚሠራው የክሊኒኮችን ራጅና አልትራሳውንድ በኮምፒውተር ለሚያስቀምጥ ሌላ ሸሪካ፣ ሌላ ኩባንያ ነበር። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ኑሮ እንደዚህ ነበር፤ ከፊልህ ሌላ፣ አሠሪህ ሌላ። ዝም ብሎ ይኖራል፣ እስከሚጠየቅ ድረስ። እኔም ስደውልለት «ቧንቧው ዛሬ የት ነው የሚያፈሰው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

እኔ መካ፣ ዛሂር ሰፈር ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቤት ሠራተኛ ቪዛ ጅዳ፣ ሳፋ የሚባል ሰፈር ገባሁ፤ ከማዳሜ ቤት ጠፋሁና መካ ከድሮ ጀምራ የምትኖር አክስቴ ዘሀራ ጋ ተጠጋሁ። እዚያው ዛሂር አንድ ክሊኒክ ወለል እወለውል ነበር። ስለ እኔ ይኸ ይበቃል።

የክሊኒኩ ምድር ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን የሚያህል ብረት ነበር፤ ውስጡ ማሽን በማሽን ላይ ተደርድሯል፤ በየማሽኑ ፊት ትንንሽ መሳቢያዎች፣ በየመሳቢያው አንዳንድ ዲስክ፣ በየዲስኩ አንዳንድ አረንጓዴ መብራት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። የሚጠብቀው ፓኪስታናዊ ቴክኒሻን ነበር። በዚያ ዓመት የውጭ ሰው ወረቀት ሊፈተሽ ነው የሚባለው ወሬ ሲነሳ፣ ፓኪስታናዊው ጊዜ ሳያጠፋ የመውጫ ቪዛውን አስመትቶ አገሩ ገባ። ብልህ ሰው ነበር።

እሱ በሄደ ሰሞን እታች ስወለውል ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። ማንሳት የእኔ ሥራ አይደለም፣ ግን አላቋርጥ ሲል አነሳሁት። አንድ ወንድ በዐረብኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አጽጂዋ ነኝ አልኩ። ከዚያ በአማርኛ፦

«የወሎ ልጅ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

ዐረብኛዬ ወሎ ወሎ ይላል ማለት ነው። «ብሆንስ?» አልኩት።

«ከሆንሽማ ጆሮሽን አበድሪኝ ልልሽ ነው።»

የማታውቂው ወንድ ደውሎ ጆሮሽን ብረት ላይ አድርጊ ቢልሽ መዝጋት ነው። እኔ ግን ከመወልወያ የሚያስጥለኝ ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል። ከላይ የትኛው፣ ከግራ የትኛው እያለ መራኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ቀጭ፣ ዝም፣ ቀጭ፣ ዝም ይላል። ስልኩን አስጠጊለት አለኝ፣ አስጠጋሁለት። ሲመለስ ድምፁ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር። ለምን ራስዎ መጥተው አያዩትም ስለው «ክርስቲያን ነኝ» አለኝ። ኻላስ፣ ገባኝ። መካ ሙስሊም ያልሆነ አይገባም። ያንን ሁሉ ማሽን ከጅዳ ሆኖ በስልክ እየመራ ያስገጠመው እሱ ነው፤ በዓይኑ ግን አይቶት አያውቅም፣ አያየውምም። ከመዝጋታችን በፊት «አንቱታውን ተዪው፤ በስልክ አንቱ ስባል ያረጀሁ ይመስለኛል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እያልኩ አንተ አልኩት።

ነገሩን ያስረዳኝ ቀስ በቀስ ነው። የአንድ በሽተኛ ራጅ ሲነሳ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም፤ ማሽኖቹ ተባብረው ሦስት ቦታ ይይዙታል። አንድ ዲስክ ቢሞት የቀሩት እሱ ይዞት የነበረውን ከየራሳቸው እየገለበጡ ጉድለቱን ይሞላሉ። ላይ ያለው ዶክተር ምንም አያውቅም። እንደ ዕድር ናቸው ይል ነበር። ችግሩ ሸክሙ ነው። አንዱ ሲሞት የእሱን የሚሸከሙት በሕይወት ያሉት ናቸው፤ በዚያ ድካም ሁለተኛው ይወድቃል፣ ከዚያ ሦስተኛው። የመካዎቹ ደግሞ ሁሉም ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ባንድ ቀን ተገዝተው ባንድ ቀን የተገጠሙ ነበሩ። ሙዲሩ፣ ማለትም የሸሪካው አለቃ፣ አንድ ላይ ሲገዛ ይረክሳል ብሎ ነው። «ባንድ ቀን የተገዛ ባንድ ሰሞን ያረጃል» ይል ነበር ጋሽ ዮናስ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቀድሞ መድረስ ነበር። የደከመውን ማወቅ፣ ሳይሞት ማውጣት፣ አዲስ ማስገባት፣ ሌሎቹ እስኪያርፉ መጠበቅ።

አረንጓዴ መብራት አታምኚ ይለኝ ነበር። «አረንጓዴ ማለት ገና አልሞትኩም ማለት ነው እንጂ ደህና ነኝ ማለት አይደለም።» ዲስክ ቁስሉን ይደብቃል አለኝ። ውስጡ የተበላሸ ቦታ ሲገጥመው ዝም ብሎ ትርፍ ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ግን ስንቴ እንደደበቀ ራሱ ይቆጥራል፣ ለጠየቀውም ይናገራል። ጋሽ ዮናስ በየጠዋቱ ሁሉንም አንድ በአንድ በኮምፒውተሩ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ለእኔ ይደውልና «እንዴት አደሩልን?» ይላል፣ የጎረቤት ቤተሰብ እንደሚጠይቅ። እጄን አስጠግቼ ማን እንደሞቀ፣ ማን እንደሚንቀጫቀጭ እነግረዋለሁ። የሚወጣ ዲስክ ካለ ከጅዳ ሆኖ ሰማያዊ መብራት ያበራበታል፤ እኔ መቆለፊያውን ከፍቼ እስባለሁ፣ አዲሱን እገፋለሁ። እሱ በዓይኑ ባያያቸው እኔ እጅ ሆንኩት።

አደጋ ሲኖር ማሽኑ ይጮህ ነበር። የመናዊው ዘበኛ ግን ጩኸቱ ሰላቱን አበላሸበትና መጮኺያው ላይ ጥጥ ጎሰጎሰበት። ጋሽ ዮናስ ይህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ጥጡን አውጪ አላለኝም። ሽማግሌው ይስገድበት ብሎ ማስጠንቀቂያው ሁሉ በመልእክት የራሱ ስልክ ላይ እንዲመጣ አደረገው። የሱ ብቻ።

መጀመሪያ ያየሁት ትርፍ ዲስኮች ሊሰጠኝ ሲመጣ ነው። ከጅዳ ወደ መካ ሲመጣ፣ ሙስሊም ያልሆነ ከሚመለስበት ኬላ በፊት አንድ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ከዚያ ወዲህ እሱ አያልፍም። እኔን የአክስቴ ባል በመኪናው አደረሰኝ። በስልክ ድምፁ የረጅም ሰው ነበር፤ የወረደው ግን አጭር፣ መነጽራም፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አጥብቆ የከተተ ሰው ነው። ድምፅህ ከአንተ ይረዝማል አልኩት። እኔም አንቺን ወፍራም ነበር ያደረግኩሽ አለኝ። ዲስኮቹን በፎጣ ጠቅልሎ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አስሮላቸዋል። ልጁ ሊዲያ ከኋላ ተቀምጣለች።

«አየሽ፣ እኔ ኋላ፣ ዲስክ ፊት» አለችኝ ሊዲያ፤ ግማሹ በዐረብኛ ነው። ቀጥላ መካ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። ጅዳ ተወልዳ፣ ጅዳ አድጋ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለውን ከተማ አታውቀውም። ሙቀት፣ ሰውና ድንጋይ አልኳት። አባቷ ሳቀ። አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም፤ የተማረችው በዐረብኛ ነው። ልትጨርስ የቀራት ትንሽ ነበር። «ባባ፣ ያላ» አለችው፣ ሄዱ።

ልጅቷን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የሷም የናቷም ኢቃማ የተንጠለጠለው በሱ ኢቃማ ላይ ነበር። መንግሥት ወረቀቱን ያላስተካከለ ያስተካክል፣ የማያስተካክል ይውጣ ብሎ ሙህላ ሰጥቷል፤ የጊዜ ገደቡ በእስልምናው አዲስ ዓመት፣ ሙሐረም ሲገባ ያበቃል። ጋሽ ዮናስ መስተካከል ያለበት አንድ ነገር ነበር። የሚሠራበት ሸሪካ ከፋላውን፣ ዋስትናውን፣ ከቧንቧ ነጋዴው ወደ ራሱ ማዛወር፣ ሰባክ የሚለውን ኢንጂነር ማስባል። የሙዲሩ ፊርማ ነው የሚያስፈልገው። ነጋዴው እንኳን እሺ ብሎ ነበር። ፊርማው ካለ ሊዲያ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ከሌለ አዲስ አበባ ገብታ «ሀ» ብላ ልትጀምር ነው፣ በዚያ ዕድሜ።

ሙዲሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ጋሽ ዮናስ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ሻይ ያስመጣለታል፣ ስለ ልጁ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ስክሪኑን ያያል። ማሻአላህ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው ይላል። ወረቀቱን ደግሞ ቡክራ፣ ነገ፣ ኢንሻአላህ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሻይ፣ እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና ቡክራ። ክሊኒኩ ሥራው ላይ ነው፣ አንድ ራጅ አልጠፋም፣ ምን ያስቸኩለዋል? እኔ ይኸ ሲነገረኝ ደሜ ይፈላ ነበር። ጋሽ ዮናስ ግን ይፈርማል እያለ ይኖር ነበር። ወገኑ ሁሉ ሻንጣ ሲያስር እሱ ለመካ ዲስክ ያፈላልግ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከተለያየ ሱቅ፣ ከተለያየ ካርቶን፣ አንድ ላይ እንዳያረጁ።

ሁለተኛ ያየሁት ሙህላው ሊያልቅ ሲል ነው፣ እዚያው ማደያ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ። ብቻውን ነው የመጣው፤ ከስቷል። ሁለት ዲስክ ሰጠኝ። አንደኛው ዛሬውኑ የሚገባ ነው፣ የደከመ አለ፤ ሁለተኛው ለክፉ ቀን ይቀመጥ አለ። ሙዲሩ ፈረመ ወይ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እኔም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ይሙት ተወው።»

«ማን?»

«የደከመው ዲስክ ነዋ። አታውጣው። ይሙት፣ ሁለት ሦስቱን ይዞ ይሙት። ዶክተሮቹ ራጅ ጠፋብን ብለው ይጩሁ። ሙዲሩ ያን ጊዜ እስክሪብቶ ይዞ ቤትህ ድረስ ይመጣል።»

አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። እኔም አስቤዋለሁ አለኝ፤ አንድ ማለዳ ይውጣ የሚለውን ትእዛዝ ሳልሰጥ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ አለኝ።

«እና?»

«እና የማንን ራጅ ልጣለው? አንቺ እዛው ነሽ። ወረፋ ይዘው የሚቀመጡትን ታያቸዋለሽ። ንገሪኝ፣ የማንን?»

የማንንም አልኩት፣ እኔ ምን አገባኝ፣ የነሱ አገር ነው። አፌ ላይ እንደመጣ ነው የተናገርኩት። እሱ ግን ሰማኝና «አንዱን ብተወው ሁሉንም ነው የምተው፤ ካርቶናቸው አንድ ነው» ብሎ ዲስኮቹን እጄ ላይ አደረገ። አንተ ሞኝ ነህ አልኩት። ለጋሼ ሞኝ ነህ አይባልም፣ እኔ አልኩት። «ሊዲያም ትለኛለች» አለ። ተሳስቀን ተለያየን። ማምሻውን የደከመውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። አረንጓዴ ሆነ። በማግሥቱ ሙዲሩ ያየው ያንን ነው።

ሙህላው አለቀ። የዚያን ሰሞን ያየ አይረሳውም፤ ላላየ ደግሞ መናገር ያደክመኛል። ጅዳ ውስጥ ሱቅ ተዘጋ፣ ግንበኛው ከግንቡ ወርዶ ተደበቀ፣ ዳቦ ቤት ጋጋሪ አጣ። ዛሂር አክስቴ በር ዘግታ እኔን ጓዳ አስገባችኝ። ጋሽ ዮናስን የያዙት ሳፋ፣ ከቤቱ በር ላይ ነው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ። እትዬ ሰናይት ከመስኮት አይታዋለች። ኢቃማ ሲሉት ሰጣቸው። ኢቃማው ሰባክ ይላል። የሸሪካው ባጅ ግን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሱ ደግሞ ኢንጂነር ይላል። ሰው ሁሉ ባጁን ኪሱ ደብቆ በሚሄድበት ሰሞን እሱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። እትዬ ሰናይት በየጠዋቱ አውልቀው ትለው ነበር። ሥራዬ እኮ ነው፣ ምን ሰረቅኩ ይላታል። ፖሊሱ አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ መኪና ላይ ጫነው። ሹመይሲ ወሰዱት።

ሹመይሲ ማለት ጅዳና መካ መሃል ያለው ማጎሪያ ነው፤ ሰው ወደ አገሩ እስኪጫን የሚቆይበት። ኬላው አጠገብ ነው። ጋሽ ዮናስ በሕይወቱ መካ ላሉት ዲስኮቹ እንደዚያ ቀርቦ አያውቅም።

ስልኩን አልቀሙትም ነበር። አርብ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ በወጣበት ሰዓት ደወለልኝ። ያለሁት ጓዳ ነው። ደህና ነህ ወይ፣ በላህ ወይ እያልኩ ስለፈልፍ አቋረጠኝ። ከጀርባው የብዙ ወንድ ጫጫታ አለ። አንድ ዲስክ እየጮኸ ነው አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ መልእክት ሲመጣለት አድሯል፣ እዚያ መቶ ሰው መሃል ተጋድሞ።

አበድክ እንዴ አልኩት። መንገድ ላይ ፖሊስ ሞልቷል፣ ወረቀት የለኝም፣ አንተ ታስረሃል፣ ማነው ይሄንን አድርግ ያለህ? አስጨረሰኝ። ከዚያ አንቺ ካልቻልሽ አትችይም፣ አልፈርድብሽም፣ ግን ሌላ ሰው የለኝም አለኝ።

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። አክስቴ እጄን ይዛ ስትለምነኝ የሷን አባያ ለብሼ፣ ፊቴን ሸፍኜ፣ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ እያለችልኝ ወጣሁ። ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ የመናዊው ዘበኛ መስጊድ ሄዷል፤ የምድር ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ደወልኩለት። ሰማያዊ መብራት ማብራት አይችልም፣ ኮምፒውተሩን ወስደውበታል። ያለው የዲስኩ ስም የተጻፈበት መልእክትና ጭንቅላቱ ነው። ከላይ ሦስተኛው ማሽን፣ ከቀኝ ሁለተኛው መሳቢያ መሆን አለበት አለኝ። ሁሉም ዲስክ አረንጓዴ ነው። ደህናውን ብስብ፣ የታመመውና የተሳበው ባንድ ጊዜ ሊጎድሉ ነው፤ ያን ጊዜ ሌሎቹም አይችሉትም። እጅሽን አስጠጊ አለኝ። ከጎረቤቶቹ ይሞቃል። ጆሮሽን። ቀጭ ይላል። ስልኩን አስጠጊለት። አስጠጋሁለት። እንግዲህ እዚያ ጫጫታ ውስጥ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ሲያዳምጥ ይታየኛል።

«እሱ ነው። ሳቢው» አለኝ።

ለክፉ ቀን ያልነውን ዲስክ አስገባሁ። መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ቆይቶ አረንጓዴ መጣ። አረንጓዴ ስለው ከደረቱ አየር ሲወጣ ሰማሁት። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው ብሎ ዘጋ።

እሱ ስለ ራሱ አንድም ነገር እንዳልጠየቀኝ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አሠሪ ወረቀት ይዞ ከመጣ የሚለቁት ሰው አለ ይባል ነበር። በማግሥቱ ክሊኒኩ ሲከፈት ሙዲሩ ራሱ ከጅዳ መጣ፤ ከክሊኒኩ ባለቤቶች ጋር ጉዳይ ነበረው። ኮሪደሩ ላይ መወልወያዬን አጋድሜ ቆምኩበት። አጽጂ ሙዲር አታስቆምም። ኢንጂነሩ ሹመይሲ ነው፣ ፊርማህን ይዘህ ሂድና አውጣው አልኩት። ያውቃል። አሳዝኖኛል አለኝ፣ ፊቱም ያዘነ ነበር። ከዚያ ጠየቀኝ፤ ሲስተሙ ይሠራል?

ይሠራል አልኩት። ትላንት ሊሞት ነበር፣ እሱ ከእስር ቤት ሆኖ በስልክ አዳነው፣ እጁ እኔ ነበርኩ አልኩት። ይኸን ሲሰማ አፍሮ ይሮጣል ብዬ ነው።

ሙዲሩ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«ማሻአላህ» አለ። «ከሹመይሲ ከሠራ፣ ከሐበሻም ሆኖ ይሠራል።»

በጎኔ አልፎ ሄደ። ሐበሻ ያለው አገራችንን ነው።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። መወልወያውንም አላነሳሁት። በሩን ዘጋሁና ብረቱ ፊት ቆምኩ። የት የት ብስብ እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። አንድ ራጅ ሦስት ቦታ ነው። ከሦስት ማሽን አንዳንድ ዲስክ ከሳብኩ፣ ማንም የማይመልሰው ራጅ ይኖራል። እጄን የመጀመሪያው መቆለፊያ ላይ አደረግኩ። ስልኬ ጠራ፤ ጋሽ ዮናስ ነው፣ ቻርጀር ተበድሮ።

ሙዲሩ ምን አለ አለኝ። እትዬ ሰናይት ሸሪካው ጋ ደውላ ሙዲሩ መካ መሄዱን ነግራዋለች። ነገር ማለስለስ አላውቅም፣ ያለውን እንዳለ ነገርኩት። ጫጫታው ይሰማኛል። ከዚያ የት ነሽ አለኝ። ቤት አልኩት።

«ማራገቢያው ይሰማኛል፣ ሀያት።»

መቆለፊያውን ጨበጥኩት።

«እጅሽ የት ነው?»

«ሦስቱን ልስባቸው ነው» አልኩት። «ልስባቸውና ዛሬውኑ ይሩጡ። ሹመይሲ በር ላይ ፈርመው ያወጡሃል። ልጅህ ትምህርቷን ትጨርሳለች። አንተ ምንም አላደረግክም፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት። እኔን ምን ያደርጉኛል? ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል?»

«ይመጡ ይሆናል» አለ። «አዎ፣ ሳይመጡ አይቀሩም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሊዲያ ግን ባባ፣ በምን አወጡህ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ። እናቴ አፈ ጮሌ ነው የምትለኝ። ምንም አትነግራትም ልለው አፌን ስከፍት ከወዲያ አንድ ሰው በዐረብኛ ስም መጥራት ጀመረ። ለአውሮፕላኑ ነው። ጫጫታው ቀጥ አለ፤ ሁሉም ስሙን ሊሰማ። ጋሽ ዮናስም አብሮ አዳመጠ። የሱን ስም ሁለት ጊዜ ጠሩት፣ አሳስተው ነው የጠሩት፣ ግን የሱ ነው።

«እጅሽን አንሺ የኔ ልጅ» አለኝ። ሄደ።

አነሳሁት። እስከ ዛሬ ድረስ ደግ አደረግኩ ማለት አልቻልኩም። ሊዲያ አዲስ አበባ ገብታ ከትናንሽ ልጆች ጋር ፊደል ስትቆጥር ከረመችና ተወችው፤ እናቷ ናት የነገረችኝ። ያን ዕለት ግን እጄ ተነስቶ፣ ስልኩም ጆሮዬ ላይ እንዳለ እንደ ደንቆሮ ቆሜ ነበር። ላይ ራጅ ክፍል ሰው ገባ መሰለኝ፤ የሱን ራጅ ሊይዙ የዲስኮቹ መብራቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ መርገብገብ ጀመሩ።